ሽንት የማያጥበው ጀርም
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ የጤና ንግግር)



ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ በአንድ አዳራሽ በተሰበሰባችሁበት የደስታ ቀን ስለ ሽንት መናገር ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ እናቶቻችንና እኅቶቻችን በዝምታ የሚሠቃዩበት ሕመም በመሆኑ ይቅርታችሁን ጠይቄ እጀምራለሁ።

በአገራችን ሽንት ሲያቃጥል «ብርድ ነው»፣ «ትኩስ ድንጋይ ላይ በመሽናት የመጣ ነው» ሲባል ሰምተናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በ1885 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህ ጀርም መኖሪያው አንጀታችን ሲሆን፣ እዚያ እስካለ ድረስ ብዙውን ጊዜ አይጎዳንም። ችግር የሚፈጥረው ወደ ሽንት መስመር ሲሻገር ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዛሉ። ስለዚህ ሕመሙ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሽንት በቀን ብዙ ጊዜ ሲወርድ ጀርሙን ለምን አጥቦ አያወጣውም? መልሱ እንዲህ ነው። ጀርሙ በገላው ላይ ፀጉር የመሰሉ ክሮች አሉት። በክሮቹ ጫፍ ፊምኤች የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በፊኛችን ውስጠኛ ገጽ ላይ ማኖዝ የተባለውን የስኳር ዓይነት ሲያገኝ፣ ጭጎጎት ነጠላ ላይ እንደሚጣበቅ ሁሉ ይጣበቃል። በሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ግኝት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ፈሳሹ በኃይል ሲጎትተው የፊምኤች አያያዝ ይጠብቃል፣ ጉተታው ሲቀንስ ይላላል። ነገሩ እንደ ሸምቀቆ ነው። በአይጥ ላይ በተደረገ ምርምር እንደታየው ደግሞ፣ የተጣበቀው ጀርም ፊኛውን በሸፈኑት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ሕመሙ ዳነ ሲባል የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲያው ውኃ መጠጣት ጥቅም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ገና ያልተጣበቀው ጀርም በሽንት ይታጠባል። ኩላሊታችንም ዩሮሞዱሊን የተባለ ማኖዝ ያለበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ይልካል፤ ጀርሙ ፊኛውን ያገኘ መስሎት እሱን ይይዝና አብሮት ይወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሕመሙ የሚደጋገምባቸውና ውኃ ብዙ የማይጠጡ 140 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ ጨምረው የጠጡት በዓመቱ ውስጥ በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ሌሎቹ 3.2 ጊዜ ታመዋል። እኛ ግን ታክሲ ስንነዳ፣ ፓርኪንግ ስንሠራ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንሮጥ፣ ሽንት ቤት ላለመፈለግ ብለን ውኃ እንተዋለን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ፣ ሌሎቻችን ይህን ልማድ ብንተው መልካም ነው።

ስለሚሸጡት ነገሮችም ልናገር። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ የሚገኘው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ክራንቤሪ በጤነኛ ሴቶች ላይ ሕመሙ እንዳይደጋገም ሊረዳ ይችላል ተብሎ ቢጻፍ እንደማይቃወም በ2020 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቅ፣ ማስረጃው ውስን መሆኑ አብሮ እንዲገለጽ አድርጓል። ዲ-ማኖዝ የሚባለው ዱቄት ግን በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ በብሪታኒያ 598 ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት ጥቅም አላሳየም። አንዱም ቢሆን የሐኪም መድኃኒትን አይተካም።

ጀርሙ የሚጣበቀው በገላችን ላይ ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ለተኛ ሰው በሚገባው የሽንት ቱቦ ላይም ጀርሞች ተጣብቀው፣ መድኃኒት በቀላሉ የማይደርስበት ዝልግልግ ሽፋን ይሠራሉ። ወላጅ የምታስታምሙ ሁሉ «ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ።

በመጨረሻ ወደ ዝምታችን ልመለስ። አንዲት እናት ወንድ ልጇ እያስተረጎመላት «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ማለት ይከብዳታል። «ራሴን ያመኛል» ብላ ትመለሳለች። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበትና፣ ሴት አስተርጓሚ እንዲፈለግላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወይም ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አትዋጡ፤ ጀርሙ መድኃኒቱን የለመደ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ከመጣ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላልና፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ደግሞ ማቃጠሉ እንደጀመራት ትሂድ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ሴቶች ልጆች እናቶቻችሁን ለብቻቸው አድርጋችሁ ጠይቁልኝ።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጠን።