ዕጣ የወጣላቸው ስለምን ከቤታቸው ይወጣሉ?



በአዲስ አበባ ከተማ የቤት ዕጣ ለወጣለት ሰው ዘመድ አዝማድ እልል ይልለታል። ስሙን በጋዜጣ ታትሞ ሲያገኘው በጣቱ እየተከተለ ደጋግሞ ያነብበዋል፤ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቈረሳል። ብዙ ዓመት በኪራይ ቤት የተንከራተተና «ቤቱን ልቀቅ» በተባለ ቍጥር ዕቃውን በጋሪ ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው፣ የዚያን ቀን ደስታው በቃል የሚገለጽ አይደለም። ይሁን እንጂ ቁልፍ ከተረከቡት መካከል ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቈዩ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ሳይገቡበት፣ ቤቱን ለሌላ አከራይተው ወይም የመሸጫው ጊዜ ሲደርስ ሸጠው ይሄዳሉ። ያን ያህል የተናፈቀ ቤት ስለምን እንዲህ ቶሎ ይለቀቃል? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይኸው ነው፤ አብነቱም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው።

ለጥያቄው ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፣ ሰዎቹ ከመጀመሪያውም የፈለጉት መኖሪያ ሳይሆን ትርፍ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ድኻ የለመደውን ጠባብ ግቢ ስለሚመርጥ ፎቅ አይስማማውም የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ጥፋቱን በነዋሪው ላይ ስለሚጥሉ ለባለሙያው የሚመቹ ናቸው፤ ነገሩን ግን አያስረዱም። ቤት በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ሠፈር ግን በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ዓመታት ይፈጃል። ቁልፍ በተሰጠበት ቀንና ሠፈሩ ሠፈር በሆነበት ቀን መካከል ያሉትን ዓመታት የመሻገሪያ አቅም የሌለው ሰው፣ ቤቱን እየወደደው ጥሎት ይወጣል።

የነገሩን መነሻ ማስታወስ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆኑ ወዲህ፣ በመካከለኛው ከተማ የሚኖረው ድኻ ሕዝብ አብዛኛው በቀበሌ ቤት፣ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ኖሯል። ቤቶቹ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ያረጁና የተጨናነቁ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 370 ወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራ ቤቶች ተሠሩ፤ በ1997 ዓ.ም. ነዋሪው ለዕጣ ተመዘገበ። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ባሳተመው ጥናት እንደተመለከተው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በመላ ኢትዮጵያ 171 ሺህ ያህል ቤቶች ተሠርተው ነበር። በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ሥራ በዚያ ፍጥነት የሠራ አገር ብዙ አይደለም፤ ይህም ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ገዢው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሚያገኘው ብድር ከነወለዱ በየወሩ ለረጅም ዓመታት ይከፍላል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ የተያዘ ነው። ቤቱን አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ማከራየት ግን አልተከለከለም። በልማት ምክንያት ከመካከለኛው ከተማ እንዲነሣ የተወሰነበት የቀበሌ ቤት ተከራይም ቤት ይሰጠው ነበር። በዚህ ሁኔታ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት፣ እርሻ በነበረው የጀሞ መሬት ላይ፣ እስከ አራት ፎቅ የሚደርሱ ሕንፃዎች ብሎክ በብሎክ ተደርድረው ቆሙ። ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 ተባሉ። ቦታውን የለቀቁት አርሶ አደሮች ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር የሚጠይቅ ነው።

ስለ አዲስ ነዋሪዎች መሄድ ሲነገር ከሩቅ አገር የሚመጣ አንድ ምሳሌ ሐሳቡን ያብራራል። እንደ ሐዋይ ወዳለች ሞቃታማ ደሴት ሊኖሩ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ቈይተው ይመለሳሉ። የሚመለሱት ፀሐዩና ባሕሩ ስላስጠላቸው አይደለም። በደሴቲቱ የሚበላው ምግብ አብዛኛው በመርከብ የሚመጣ በመሆኑ ኑሮው ይወደዳል፤ ሥራው ጥቂት ነው፤ እናትና አባት፣ እኅትና ወንድም በሩቅ ይቀራሉ። የመጣው ሰው ያየው መልክዐ ምድሩን ነው፤ የሚኖረው ግን በኑሮው ነው። የሰው ልጅ ወዴትም ቢሄድ ከቦታው ውበት ይልቅ የሚያጸናው እንጀራውና ወገኑ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ጀሞ ባሕር አይከብበውም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ከደሴት የሚለየው ጥቂት ነበር። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሥራው በመርካቶ፣ ትምህርት ቤቱ በልደታ፣ ሐኪም ቤቱ በሌላ አቅጣጫ የቀረበት ቤተሰብ በየማለዳው ለታክሲ ይሰለፋል። በእግሩ ሥራው ዘንድ ይደርስ የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ ከዕለት ገቢው ላይ የደርሶ መልስ የታክሲ ሒሳብ መቀነስ ይጀምራል፤ ሦስት ልጆች የሚማሩበት ቤት ደግሞ ሒሳቡን በአራት ያባዛል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር እንኳ አንዱ መሥመሩ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች በመሆኑ ጀሞን አይነካም።

ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው የእንጀራው ጉዳይ ነው። ለአብነት ያህል በመካከለኛው ከተማ በቀበሌ ቤት ጠላ እየጠመቀች ልጆች ያሳደገች እናት ትታሰብ። የእርሷ ቤት መኝታዋ፣ ማብሰያዋ፣ መጋዘኗና ሱቋ ነበር። በሯ በመንገድ ላይ ስለሆነ ደንበኛ እያለፈ ይገባል፤ ጌሾና ብቅል በዱቤ የሚሰጣት ነጋዴ ያውቃታል፤ ጎድሎባት ብታድር የምትበደርበት ቤት አለ። ይህች ሴት በጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ንጹሕ ክፍል፣ የራሷ መጸዳጃ ቤትና በስሟ የተጻፈ ውል ተሰጣት። የተሰጣት ነገር ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ጠላ ሊጠጣ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ደንበኛ የለም፤ በደረጃው ላይ ጋን ማውጣትም አይቻልም። ለንግድ ተብለው የተሠሩት የምድር ቤት ክፍሎች ደግሞ በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ አቅራቢ የተሸጡ ስለሆኑ እርሷን የሚመለከቱ አልነበሩም። እንግዲህ የወር ክፍያዋ በአዲሱ ቤት ሲጀምር ገቢዋ በአሮጌው ሠፈር ቀርቷል ማለት ነው።

ቤቱ ራሱም የራሱ ጥያቄ ነበረው። የዕቅዱ ነዳፊዎች የሐበሻ ቤት ያለ ጭስና ያለ ግቢ እንደማይኖር ተገንዝበው፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤት በየሕንፃዎቹ መካከል አቁመዋል። አሳባቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሊጥ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውረድና እንጀራ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ለወጣት ድካም፣ ለአሮጊት ደግሞ ፈተና ነው። ውኃ ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ሲቀር ጀሪካኑን የሚያወጣው ትከሻ ነው። አሳንሰር ባለመሠራቱ ዋጋው ረክሷል፤ የተቀነሰውን ዋጋ ግን በየቀኑ በጉልበቱ የሚከፍለው ነዋሪው ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የተጐዳው በሥዕል ላይ የማይታየው ነገር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል በከተማ ድኻ ዘንድ የኑሮ ዋስትና ነው። ሕፃን ጥሎ ገበያ የሚኬደው ጎረቤት ስላለ ነው፤ በሽተኛ የሚጠየቀው፣ ቀብር የሚፈጸመው ዕድር ስላለ ነው። ዕጣ የሚወጣው ግን በግለሰብ ስም እንጂ በዕድር ስም አይደለም። በአንድ አጥር ግቢ አርባ ዓመት የኖሩ ሦስት ቤተሰቦች አንዱ በጀሞ፣ ሁለተኛው በጎተራ፣ ሦስተኛው በአያት ሊደርሳቸው ይችላል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች በጀሞ እየኖሩ የወር መዋጯቸውን በቀድሞው ሠፈር ዕድር ይከፍሉ ነበር፤ ለቅሶ ሲደርስም ተሳፍረው ይሄዳሉ። በሕይወቱ በአንድ ሠፈር፣ በሞቱ በሌላ ሠፈር የሚታሰብ ሰው በእውነት ተዛውሯል ለማለት ያዳግታል።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ዕጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ከምሥራቅ ለንደን ከቤትናል ግሪን ሠፈር ወደ ከተማው ዳርቻ ስለ ተዛወሩ ሠራተኞች ጥናት አሳትመው ነበር። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ መሆኑን ነዋሪዎቹ አልካዱም። ነገር ግን እናትና ልጅ በየቀኑ ይገናኙበት የነበረው መንገድ ተቈረጠ፤ የመጓጓዣውና የቤቱ ወጪ በረታ፤ ከፊሎቹም ወደ ቀድሞው ሠፈራቸው ተመለሱ። በአዲስ አበባም የማኅበራዊ ሰብእ ጥናት ምሁሩ ገብሬ ይንቲሶ በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ በልማት ምክንያት የተነሡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የቦታ ጥቅማቸውን፣ ደንበኞቻቸውንና የመረዳጃ ትስስራቸውን ማጣታቸውን አሳይተዋል።

ታዲያ ጀሞ ዛሬ እንዴት ነው? ዛሬ ጀሞ ሕያው ሠፈር ነው። ባንኩ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ካፌው፣ ገበያው ሁሉ በደጃፍ ሆኗል፤ በየብሎኩ አዲስ ዕድር ቆሟል፤ ልጆች ጀሞን ተወልደንበት ያደግንበት ሠፈር ይሉታል። ይህም የሚያስረዳው የጀሞ አፈር ሰው የማያበቅል እንዳልነበረ ነው። ሠፈሩ ሠፈር ሆነ፤ የሆነው ግን ቤቱ የታሰበላቸው ከፊሎቹ ከወጡ በኋላ ነው። የወር ክፍያውን መሸከም የማይችለው ድኻ የተሻለ ደመወዝ ላለው ሰው አከራይቶ፣ እርሱ በሌላ ሰው ጓሮ በምትገኝ አነስተኛ ክፍል ገባ፤ በኪራዩ ልዩነት የባንኩን ዕዳ እየከፈለ ልጆቹን መገበ።

በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኰል አይገባም። ቤቱን አከራይቶ የሚኖር ሰው ጨርሶ ተሸናፊ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያልነበረው ሀብት አለው፤ ለልጆቹም ይተርፋል። በሚገባ የከሰረው ሌላ ነው። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር የነበረው ሰውና በጥገኝነት የተጠለለው ዘመድ መብት ስላልነበራቸው፣ ግቢው ሲፈርስ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ከመዝገብ የጐደለ ሰው ከስታቲስቲክስም ይጐድላል።

እንግዲህ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት በአምስት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ተነሺዎች በሚዛወሩበት ጊዜ ፈቃደኛ የሆኑ ጎረቤታሞችና የዕድር አባላት በአንድ ብሎክ ወይም በአጠገብ ላጠገብ ቢመደቡ ለመንግሥት የሚጨምረው ወጪ አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ከምድር ቤት ክፍሎች ጥቂቶቹ ከጨረታ ወጥተው በትንሽ ኪራይ ለጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ለእንጀራ ጋጋሪዎችና ለእጅ ሠራተኞች ቢለዩ ገቢ ከቤት ጋር አብሮ ይዛወራል። ሦስተኛ፣ አውቶቡሱ ቁልፉ በሚሰጥበት ቀን መድረስ አለበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚደርስ አውቶቡስ የሚያገኘው ሌላ ነዋሪ ነው። አራተኛ፣ የብድሩ ክፍያ ተዛዋሪው በአዲሱ ቦታ ገቢ እስኪያገኝ ድረስ ቢያንስ ቀለል ብሎ ሊጀምር ይገባል። አምስተኛው ከሁሉ ቀላል፣ ከሁሉም የተዘነጋ ነው፤ ይኸውም ከርክክብ በኋላ በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት ወደ ሠፈሩ ተመልሶ ማን እንደቀረና ማን እንደሄደ መቍጠር ነው። የተሠሩት ቤቶች ብዛት በየሪፖርቱ ይጻፋል፤ በቤቱ የቈዩት ሰዎች ብዛት ግን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ ባልተሰጠው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ለእነዚህ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገና በመቈጠር ላይ ናቸው። የጀሞ እናት ጋኗን ይዛ የወጣችበትን ደረጃ እነርሱም ዳግመኛ ይወጡት እንደሆነ ወይም በደጃቸው ሥራና ወገን ያገኙ እንደሆነ የሚወሰነው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነው፤ ባለሙያውም አሁኑኑ ሄዶ ሊያያቸው ይገባል።