ባለቤት ያለው መብራት



ሐኪም ስለ መብራት ማውራት ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ።

በተመረቅሁ በመጀመሪያው ክረምት በካፋ ገጠር ለሥራ ሄጄ አንድ ጤና ጣቢያ አደርኩ። ሌሊት አንዲት እናት ወለደችና ደሙ አልቆም አለ። ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም፤ መኪናው ጭቃ ይዞታል። ፍሪጁ ከቆመ ቀናት ሆኖታል። ኦክሲቶሲን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ አቅሙ ይዳከማል። አዋላጇ የእጅ ባትሪ እያበራችልኝ ማህፀኗን ሳሽ ቆየሁ። እናትየው ተረፈች፤ እኔ ግን ያንን ሌሊት አልረሳሁትም።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ ጣሪያው ላይ ሶላር ተተክሏል። ደስ አለኝ። ግን ባትሪው ሞቷል፤ የሚቀይረው የለም። ጤና ጣቢያው «የፕሮጀክቱ ነው» ይላል፤ ፕሮጀክቱ ደግሞ አልቋል። ያን ጊዜ ገባኝ፦ ከናፍጣ መላቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ መብራቱ ባለቤት ይፈልጋል።

ሲዳማ ውስጥ ይህ ተሞክሯል። በጀርመኑ ጂ አይ ዜድ ድጋፍ በወንዞች ላይ ትናንሽ ማመንጫዎች ተሠሩ፤ ሀጋራ ሶዲቻ ላይ ያለው 55 ኪሎ ዋት ነው። ባለቤቱ የነዋሪው ማህበር ሆነ፤ ክፍያ ይሰበስብ፣ ኦፕሬተር ይቀጥር፣ ለጥገና ያስቀምጥ ነበር።

ካፋ ለዚህ ባዕድ አይደለም እኮ! በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ውስጥ የቦንጋ አካባቢ ገበሬ በማህበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፤ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማል። ትንሽ ማመንጫ ትልቅ ግድብ አይፈልግም፤ በበጋ የማይደርቅ ወንዝ ግን ይፈልጋል። ወንዙን በበጋ የሚያቆየው ደግሞ ይኸው ደን ነው። ደን የሚጠብቀው ማህበር ውሃውንም መብራቱንም መጠበቅ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ጅማ ያሳደገችን በማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፤ መንደር ወርደን፣ ቤት ለቤት ዞረን ተምረናል። አሁንም መምህሮቻችን የቴክኖሎጂና የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎችን ከጤና ተማሪዎች ጋር ወደ ካፋ ይላኩልን፤ የመንደሩን ልጆች ጥገና፣ ማህበሩን ሂሳብ ያስተምሩ። እኛ ተመራቂዎች የምናዋጣውም ለፓኔል መግዣ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሥልጠና ይሁን።

ፓኔሉን ማንም ሊሰጠን ይችላል። በሌሊት ሲጠፋ ተነስቶ የሚያበራው ግን የራሱ ያደረገው ሰው ብቻ ነው።