ጭንቀት ይለካል ወይ? ከነገሌ ቦረና የመጣ ጥያቄ



አሳጥሪ ስለተባልኩ በአንድ ታካሚ ልጀምር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር፣ ነገሌ ውስጥ አንድ አርብቶ አደር አባት ወደ እኔ ይመላለሱ ነበር። «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ይላሉ። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ስኳር፣ ሁሉንም አስመረመርኩ። ምንም የለም። «ደህና ነዎት» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን «ዶክተር፣ የምዋሽ መሰለሽ?» አሉኝ። ቦረና ሰላምታ ሲለዋወጥ ከሰው ቀጥሎ ስለ ከብቱ ይጠያየቃል። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ከብቶቻቸው አልቀው ነበር።

ያን ቀን ጭንቀትን እንደ ደም ግፊት የሚለካ መሣሪያ በኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ምኞቱ መሠረት አለው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቆዳ ላይ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰው አልፋ ሞገድ ይጎላል። ጭንቀት ሲበዛ አልፋው እንደሚቀንስ፣ ፈጣኑ ቤታ እንደሚጨምር ያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ግን አንቸኩል። ልዩነቱ የሚታየው በቡድን አማካይ ነው፤ የተጨነቀውና ያልተጨነቀው ሰው ልክ ስለሚደራረብ አንድን ታካሚ ለመበየን አይበቃም። እንቅልፍ ማጣት፣ ቡናና ጫትም ሞገዱን ይለውጡታል፤ ላብ ደግሞ ቀረጻውን ያበላሻል። እስቲ ሞያሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ሙቀት፣ «እረፍት ላይ ያለ አንጎል» ከየት ይገኛል?

በእጃችን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ነው፦ «አዎ» ወይም «የለም» የሚባልባቸው 20 ጥያቄዎች። ቡታጅራን ጨምሮ በአገራችን ጥናቶች ተሠርቶበታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? ስለ ራስ ምታት ነው። እኚያ አባት እኔ ሳልጠይቃቸው መልሰውልኝ ነበር።

መምህሮቻችን፣ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የአንጎል ሞገድ ጥናት ስትጀምሩ ቆላውን አትርሱ፤ ሌላ አገር የወጣ ልክ ለአርብቶ አደሩ እንደሚሠራ ሳይፈተሽ አይታወቅም። ለተማሪዎቻችሁም ንገሩልን፦ የላቦራቶሪ ውጤት ንጹሕ ሆነ ማለት ሰውየው ደህና ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው እስኪደርስ ወንበር ስበን እንጠይቅ።