የቀዶ ጥገና ውጤት ለሕዝብ ሲገለጥ



ዛሬ የምናገረው፥ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ስንት በሽተኛ እንደ ዳነለትና ስንት እንደ ሞተበት ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል ወይስ አይገባም ስለሚባለው ጉዳይ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በአሜሪካ አገር የኒውዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት በ1989 የልብ ቀዶ ጥገና ውጤትን ከየሆስፒታሉ ይሰበስብ ጀመር። በ1990 መጨረሻ የሆስፒታሎቹ ውጤት ታተመ። የሐኪሞቹ ስም ግን ተሰውሮ ነበርና ኒውስዴይ የተባለው ጋዜጣ ከሶ ፍርድ ቤት ስለ ፈረደለት፥ በ1991 የእያንዳንዱ ሐኪም ውጤት ከነስሙ ወጣ።

ሐኪሞቹ ተቈጡ። ቍጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ልቡ የደከመውን፥ ኩላሊቱ የታመመውን ሽማግሌ ቀዶ የሚያክም ሐኪም፥ ጠንካራውን ጐልማሳ ብቻ ከሚያክመው ይልቅ ብዙ ሰው ይሞትበታል። መሥሪያ ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ የበሽተኛውን ዕድሜ፥ የልቡን ኃይልና ሌላውን ደዌውን እየመዘነ ሒሳቡን ያስተካክል ነበር። በዚህ ሚዛን በ1989 ከመቶ 4.17 የነበረው ሞት በ1992 ወደ 2.45 ወረደ። ቅናሹ ሁሉ ከመታተሙ የመጣ ነው ለማለት ባይቻልም፥ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ነገር ግን ሚዛኑ የሚመዝነው በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ የተኛውን ብቻ ነው። ተመሳሳይ ውጤት ይታተምባት በነበረችው በፔንሲልቫኒያ ግዛት ስለ ተደረገ ጥያቄ በ1996 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፥ መልስ ከሰጡት የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከመቶ 63ቱ ሕመሙ የጸናበትን በሽተኛ ለመቀበል ፈቃዳቸው እንደ ቀነሰ ገልጸዋል። የተመለሰው በሽተኛ በቤቱ ቢሞት በማንም ሒሳብ አይገባም። ሪፖርት የሚያዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ዘዴ አያጣውም፤ ከመዝገብ ቤት ያልገባ ማመልከቻ ከዘገየው ጉዳይ ጋር አይቈጠርም።

ታዲያ ውጤቱ ይደበቅ ማለት ነውን? በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የሕፃናት ልብ ቀዶ ጥገና በሚደረግበት ሆስፒታል የሆነውን የመረመረው ጉባኤ በ2001 ባቀረበው መግለጫ፥ ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ እንደ ሞቱ አስታውቋል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሲያስገቡ የዚያን ሆስፒታል ውጤት ከሌላው ጋር የሚያስተያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህን የሰማ ሰው ይደበቅ ለማለት አፉን አይከፍትም።

ኒውዮርክ በ2006፥ ልባቸው ደም መርጨት ተስኖት ከሞት አፋፍ የደረሱትን በሽተኞች ከሚታተመው ሒሳብ አወጣ፤ እነርሱን የረዳ ሐኪም ስሙ እንዳይጐድፍ ነው። መልካም አድርጓል። እኔ በበኩሌ ግን በመግለጫው ላይ አንድ ዐምድ እንዲጨመር እመኛለሁ፤ ይኸውም ሐኪሙ አልቀበልም ብሎ የመለሳቸው በሽተኞች ስንት እንደ ነበሩና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰባቸው የሚጻፍበት ነው።