ከድስት ሥር የተገኘው ነጎድጓድ



ቻይናውያን ጉዎባ የሚሉት ሩዝ ሲቀቀል ከድስት ሥር ተጣብቆ የሚቀረውን ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ደርቆ በጋለ ዘይት ይጠበሳል፤ ገበታ ላይ ትኩስ መረቅ ሲፈስበትም ይንጫጫል።

በአፈ ታሪኩ መሠረት፣ ከ1735 እስከ 1796 እ.ኤ.አ. የነገሡት ቺየንሎንግ ማንነታቸውን ሰውረው በደቡብ ሲዘዋወሩ ርቧቸው ከአንድ ድኃ ቤት ይደርሳሉ። የቤቱ እመቤት ከድስት ከተፋቀ ቅርፊት በቀር የምታቀርበው ስላልነበራት፣ ይህንኑ ጠብሳ መረቅ ታፈስበታለች። ንጉሠ ነገሥቱም «ከሰማይ በታች አንደኛው ምግብ» ብለው ሰየሙት ይባላል።

ቺየንሎንግ ከ1751 እስከ 1784 ስድስት ጊዜ ወደ ደቡብ መጓዛቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን ጉዞው እጅግ ብዙ አጀብ የሚከተለው ስለ ነበር፣ ብቻቸውን የድኃ በር አንኳኩ ማለት ያጠራጥራል። ድኃ የፈለሰፈውን ለንጉሥ ምላስ መስጠት የአፈ ታሪክ ልማድ ነው። ድምፁም እንደ ሰሚው ስም ያወጣል፤ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን ይኸው ምግብ «ቶኪዮን በቦምብ መደብደብ» ተብሏል።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው፣ በ5ኛው መቶ ዓመት በሊዩ ዪቺንግ ስም በተጠናቀረው «ሺሹዎ ሺንዩ» ውስጥ የሚገኘው ትረካ ነው። ቼን ዪ የተባለ የዉ አውራጃ ጸሐፊ፣ እናቱ ያረረ ሩዝ ትወድ ስለ ነበር፣ ከድስት ሥር የሚፋቀውን በከረጢት ያጠራቅምላት ነበር። በ399 የተነሣው የሱን ኤን ዓመፅ አውራጃውን በደረሰ ጊዜ፣ ቤቱ ሳይመለስ ከረጢቱን እንደ ያዘ ዘመተ። ሠራዊቱ ተሸንፎ ወደ ተራራና ረግረግ ሲበተን ብዙዎች በረኃብ አለቁ፤ እርሱ ግን በቅርፊቱ ተረፈ።

ይህን ትረካ የሙቀት ሕግ ይደግፈዋል። በድስቱ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ የሩዙ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከሥር ያለው ውኃ ሲያልቅ ግን ብረቱን የነካው ሩዝ ከዚያ በላይ ይግላል፤ ይደርቃል፤ ቡናማ ሆኖ መዓዛ ያወጣል። ሻጋታ ያለ እርጥበት ስለማያድግ፣ በሚገባ የደረቀ ቅርፊት ለስንቅ ይሆናል። እንግዲህ ቼን ዪን ያዳነው የእናቱ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የውኃው ማለቅም ነው።

የድምፁ ምክንያትም ይኸው ውኃ ነው። ቅርፊቱ 200 ዲግሪ ያህል በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ የቀረችው ጥቂት እርጥበት በድንገት ትተንናለች። ውኃ ሲተን ይዞታው 1,600 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ቅርፊቱ ይነፋና ባዶ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። መረቁ ሲፈስ ዘይት ያዘሉትን የጋሉ ቀዳዳዎች ነክቶ ወዲያው ይፈላል። ስለዚህ አብሳዩ መረቁንም ቅርፊቱንም እንደ ጋሉ ማቅረብ አለበት፤ ከማድ ቤት እስከ ገበታ ባለው መንገድ ቅርፊቱ ከቀዘቀዘ፣ ንጉሠ ነገሥት ቢቀመጥም የሚሰማው ነገር የለም።