የኛ፦ ከሬዲዮ የተወለደው ቡድን

እንግሊዞች «ገርልስ አላውድ» የተባለውን የሴቶች የሙዚቃ ቡድን የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ2002 በቴሌቪዥን ውድድር፣ በተመልካች ድምፅ ነው። የእኛው «የኛ» ግን የሬዲዮ ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 አምስት ወጣት ሴቶች ተመርጠው፣ የአንድ ድራማ ገጸ ባሕርያትም የሙዚቃ ቡድን አባላትም ሆኑ። ድራማው በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 እና በአማራ ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ያለዕድሜ ጋብቻው፣ ጥቃቱ፣ ከትምህርት መቅረቱ ሁሉ በጨዋታና በዜማ ይነሣ ነበር። ከአስቴር አወቀ ጋርም «ጣይቱ»ን ተጫወቱ፤ ለጀማሪ እንዲህ ያለ ዕድል በቀላሉ አይገኝም።

የቡድኑና የድራማው ገንዘብ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር፤ ይመጣ የነበረውም «ገርል ኢፌክት» በተባለው ድርጅት በኩል ነው። የለንደን ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ዘመቱበት፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ድጋፉ ተቋረጠ። ቅጽል ስሙ የሰነፍ ነው። ለመሆኑ ስፓይስ ገርልስ መቼ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ዘፈኑ?

የቡድኑ ስም ግን አልጠፋም። «የኛ» ኋላ ላይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ተመለሰ፤ ከአምስቱ አንዷ ራሔል ጌቱም «እቴሜቴ» የተሰኘ የራሷን አልበም አወጣች።