መብራት ከመሄዱ በፊት

(የገበያ ጫጫታ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ መርካቶ፣ ከአንዱ ጨርቅ ተራ ሱቅ ውስጥ እንበል፤ አንድ ወጣት ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይጽፋል። መብራት እልም! ዩፒኤስ የለም። ሥራውስ?

መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው። ያልተቀመጠ ጽሑፍን በራሱ ለማስታወስ ይሞክራል፤ እኔ ግን በዚያ ብቻ አልተማመንም። ኮንትሮልና ኮማን አብረው ይጫኑ፤ ሴቲንግ ይከፈታል። አውቶ ሴቭ የሚለውን ይፈልጉ። «አፍተር ዲሌይ» ከተመረጠ፣ እጅዎ ካረፈ ከ1000 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ከ1 ሰከንድ በኋላ ፋይሉ ይቀመጣል። ችግሩ፣ በተቀመጠ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደገና የሚያስነሳ መሣሪያ ካለ ያላለቀውንም መስመር ያስኬደዋል። ለዚህ «ኦን ፎከስ ቼንጅ» ይሻላል፤ ከፋይሉ ሲወጡ ብቻ ያስቀምጣል።

አማርኛስ? እዚያው ሴቲንግ ውስጥ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) በኮማ ተለይተው ይደረደራሉ። የመጀመሪያው «ሸማ»ን መጻፍ ካልቻለ ተራው ለሚቀጥለው ይደርሳል፤ ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ቅርጽ ከኋላ ይጨምሩ። ዊንዶውስ ላይ የፊደሉ መነሻ መጠን 14 ነው፤ ለዓይን ሲባል 18 ቢሆን ማን ይከለክላል?

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ነገር ልጨምር። ሴቲንግ ሁለት ደረጃ አለው፦ የተጠቃሚውና የሥራው። ሁለቱ ሲጋጩ የሥራው ይረታል። እሱም በሥራው ፎልደር ውስጥ በተራ ጽሑፍ ስለሚቀመጥ፣ ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አብሮ ይሄዳል።